ሳይፈነዳ የፈራው

ቃለአብ የሞተው ተንበርክኮ ነው። ጸሎት ላይ አልነበረም፤ ሻማ እየለኮሰ ነበር። በናይሮቢ የፋብሪካ ሰፈር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ የፀጉር ስፕሬይ ማምረቻ ግቢ ውስጥ፣ ከመሬት ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለች የሙከራ ክፍል አለች። ወለሏ ላይ አንድ ትልቅ በርሜል በጎኑ ተጋድሟል፤ በርሜሉ ውስጥ ሻማ ቆሟል፤ በርሜሉ አፍ ላይ ደግሞ ወጣቱ ኬሚስት በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ፍንዳታው የጎረቤቱን ጋራዥ መስኮቶች ሁሉ አንቀጥቅጧል።

ፖሊሶቹ መጡ፣ ደረጃው ላይ ቆሙ፣ አልወረዱም። አልፈርድባቸውም። በግቢው ጥጋጥግ እስከ ጣሪያ የተደረደረው የስፕሬይ ካርቶን ነው፤ የትኛው መቼ እንደሚፈነዳ የሚያውቅ አልነበረም። ኢንስፔክተር ሙሪዩኪም ጀግና ልባል ባይ አይደለምና ስልኩን አውጥቶ ለሚዛን ወርቁ ደወለ።

ሚዛን ሃምሳን ያለፈች፣ ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች የቃጠሎ መንስኤ የምትመረምር ሴት ናት። ናይሮቢ የገባችው በወጣትነቷ ስለሆነ ስዋሂሊውን እንደ አማርኛዋ ታቀላጥፈዋለች። ደግሞም እሳት ትፈራለች። ይህን የሚያውቅ ሁሉ ይስቅባታል። ቤቷ የጋዝ ምድጃ የለም፤ ክብሪት ስትጭር ክንዷን ዘርግታ ፊቷን ታዞራለች። «ዋናተኛን የሚወስደው ውሃ ነው፤ እኔ ዳር ዳሩን ስለምሄድ ነው እስካሁን ያለሁት» ትላለች። ያን ቀን የደረጃው አፋፍ ላይ ስትደርስ እግሯን አንድ ደረጃ አውርዳ መልሳ ስታነሣ ሁሉም አይቷል። ግን ወረደች።

ሬሳውን በነጠላዋ ጫፍ ከሸፈነች በኋላ ግድግዳውን አየች። ከጉልበት በታች ያለው ቀለም ከስሎ ተልጧል፤ ከራስ በላይ የተሰቀለው የወረቀት ካላንደር ግን ጠርዙ እንኳ አልተለበለበም። የጠረጴዛው እግሮች ጠቁረዋል፤ ገጹ ላይ ያለው የፕላስቲክ ብዕር አልቀለጠም። መደርደሪያው ላይ የነበሩት የስፕሬይ ጣሳዎች ክዳናቸውን እንደደፉ በየቦታቸው ቆመዋል፤ አንዱም አልፈነዳም። ከበርሜሉ ጀርባ፣ ከወለሉ እኩል፣ ጡጫ የሚያሳልፍ የድሮ ውሃ መውረጃ ቀዳዳ አለ። ጎንበስ ብላ ብታይ ከማዶ ብርሃን ይታያል።

ከግድግዳው ማዶ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቀች። የጋዝ ሲሊንደሮች የሚቀመጡበት መጋዘን ነው አሏት። ከዚያ ክፍል ቶሎ ወጣች፤ ውጭ ቆማ ለጥቂት ጊዜ መተንፈስ ብቻ ሆነ ሥራዋ።

የግቢው ባለቤት ገብረመድህን፣ ሁርሊንግሃም በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤትም ያለው ሽማግሌ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ ነገሩን ከሥሩ አስረዳት። ማምረቻው የሚያወጣው «ዘንፋላ» የሚባል የሹሩባ ማብረቂያ ስፕሬይ ነው። ማንኛውም ስፕሬይ ገበያ ከመውጣቱ በፊት እሳት ምን ያህል እንደሚወድ ይፈተናል። ሻማ ወደበራበት በርሜል ውስጥ ይነፋል፣ ምን ያህል ቆይቶ እንደሚያያዝ ይታያል፤ ደግሞ ወደ ነበልባል ከሩቅ እየተነፋ እሳቱን ከየት እንደሚስብ ይለካል። በውጤቱ መሠረት «እጅግ ተቀጣጣይ»፣ «ተቀጣጣይ» ወይም «የማይቀጣጠል» ተብሎ ይመደባል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጣሳቸው ላይ የነበልባል ምልክት ግድ ነው። ዘንፋላ ምልክት የለውም። ያኔ ፈትኖ «የማይቀጣጠል» ብሎ የፈረመው የቀድሞው ኬሚስት፣ የዛሬው የምርት ኃላፊ መልአኩ ነው።

ነገር የመጣው በቅርቡ ነው። ኢስትሊ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ሰዲቃ የምትባል ፀጉር ሠሪ የአንዲት ደንበኛዋን ሹሩባ ሠርታ ጨረሰች። የተቀጠለ ፀጉር ጫፉ እንዳይፈታ በላይተር ይተኮሳል፤ በናይሮቢ ይህን የማያደርግ ሳሎን የለም። ሰዲቃ መጀመሪያ ዘንፋላ ነፋች፣ ጣሳው ላይ የሚያስፈራ ነገር አላየችምና ወዲያው ላይተሩን ጫረች። ደንበኛዋ ዘላ አመለጠች፤ ሰዲቃ ግን ፊቷ ተቃጥሎ ሆስፒታል ተኛች። ቃለአብ ፈተናውን እንደገና የጀመረው ለዚህ ነው።

«እግዚአብሔር ያሳይዎት፣ እኔ ፈትን ነው ያልኩት» አለ ገብረመድህን። «ምልክቱ ከተለጠፈ ገበያዬ እንደሚሞት አውቃለሁ። ቢሆንም ፈትን አልኩት።»

አጠገቡ የቆመው ዘርይሁን ነው፤ የእህቱ ልጅ፣ የማምረቻው ሻጭ። ከቃለአብ ጋር በምልክቱ ነገር ተጣልቶ መኮራረፋቸውን ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል። ሳይጠየቅ ተናገረ።

«ጋዝ ሸቶኝ ነበር። ግቢው በሙሉ ሸቷል። ረዳቱ ብርነሽ የአየር ማውጫ ፋኑን ሳትከፍት ቀርታ ነው።»

«ምን ዓይነት ሽታ?» አለች ሚዛን።

«የምድጃ ጋዝ ነዋ። የበሰበሰ ዕንቁላል የሚመስለው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እናቴ ትሙት።»

ሚዛን እናቲቱን ከዚህ ነገር ቢያወጣት በወደደች ነበር። ኢንስፔክተሩ የዘርይሁንን ቃል በደስታ ጻፈ። እሱን ያስቸገረው ነገር አልቆለታል፤ ረዳቷ ክፍሉን ሳታናፍስ ቀረች፣ የቆየ ጋዝ ተጠራቀመ፣ ኬሚስቱ ክብሪት ጫረ። በቸልተኝነት ሰው መግደል። የብርነሽ የስደተኛ ካርድ ከኢንስፔክተሩ ኪስ ገብቷል፤ ካርድ የሌለው ስደተኛ በናይሮቢ ጎዳና ላይ ምን እንደሚገጥመው ለአንባቢ መዘርዘር አያስፈልግም።

ብርነሽ ግድግዳ ተደግፋ፣ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣለች። ሃያዎቹ ውስጥ ያለች፣ በልጅነቷ ተሰዳ መጥታ ኢስትሊ ያደገች ልጅ ናት። አላለቀሰችም። ጥርሷ ብቻ ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጫቀጫል፤ ሰማዩ ግን ጠራራ ነው፣ ዝናብ ከጠፋም ሰንብቷል።

ሚዛን ወደ እሷ ከመሄዷ በፊት መልአኩ ቀረባት። ረጋ ያለ፣ ሰው አክባሪ፣ ጉንጭ ሦስት ጊዜ ሳይስም የማያልፍ ሰው ነው ይሉታል። ቀኝ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ልጎትተው ብዬ እጄን ወደ እሳቱ ሰደድኩ፤ አልቻልኩም» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ወንድሜ ነበር። እኔ ያስተማርኩት ልጅ ነው።»

ሚዛን እጁን ልይልህ ብላ ጨርቁን በቀስታ ፈታች። የእጁ ጀርባ እስከ አንጓው ድረስ ነጥቶ ውሃ ቋጥሯል። ጥቁር ፀጉሩ በነጣው ቆዳ ላይ እንደቆመ ነው። ሐኪም ማየት አለበት ብላ መልሳ ጠቀለለችለት።

«ሲፈነዳ የት ነበሩ?»

«የግቢው በር ላይ። ስልኬን ልወስድ ሄጄ። ብርነሽም እዚያው ነበረች፤ ጣሳ ይዛ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በልጅቷ አይጨክኑባት። ወጣት ናት፤ ትዘናጋለች። ፋኑን ብትከፍት ኖሮ ግን...» አልጨረሰውም።

በር ጠባቂው፣ በስዋሂሊ አስካሪ የሚሉት ኸባብ፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል የሚያስታውስ ሰው ሆኖ ተገኘ። ገብረመድህን በመኪና ገብቶ ከቢሮው አልወጣም። ዘርይሁን ካርቶን እያስጫነ፣ በየመሃሉ ከበሩ ውጭ ሲጋራ ያጨስ ነበር። መልአኩ ስልኩን ቻርጅ አድርግልኝ ብሎ ሰጠው፤ ኸባብ ሲሰካው ባትሪው ሙሉ ስለነበር ሳቀ። ቆይቶ መልአኩና ብርነሽ አብረው ወደ በሩ መጡ፤ እሷ በፎጣ የተጠቀለለ ጣሳ ይዛ ነበር። ያኔ ነው ምድር የተናወጠችው።

ሚዛን አመስግናው ወደ ብርነሽ ሄደች፤ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ፋኑን ከፍቼ ነበር» አለች ልጅቷ ገና ሳትጠየቅ። «ሃኪ ያ ሙንጉ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ከፍቼ ነበር።»

«አምንሻለሁ። ከዚያስ?»

«ዘጋሁት። ቃልዬ ራሱ ዝጊው ይለኛል። ሻማው እንዳይወዛወዝ አየሩ መርጋት አለበት፤ ሁሌም እንደዛ ነው። እሱ ሻማውን ቀድሞ ይለኩሳል፣ ነበልባሉ ቀጥ እስኪል። እኔ ጣሳውን ከሞቀው ውሃ አወጣለሁ። ቀዝቃዛ ጣሳ ደካማ ነው የሚነፋው፤ ፈተናው ውሸት ይሆናል።»

«እና ታደርቂዋለሽ። ፎጣው የት ነው የሚሰቀለው?»

«የሙከራው ክፍል በር ላይ።»

ሚዛን የኸባብን ቃል አስታወሰች። ጣሳው የግቢው በር ላይ ሲታይ በፎጣ ተጠቅልሎ ነበር። እንግዲያው ልጅቷ እስከ ክፍሉ በር ደርሳ፣ ፎጣውን አውርዳ፣ ሳትገባ ተመልሳለች።

«ማን ጠራሽ፣ ብርነሽ?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ጥርሷ መንቀጫቀጡን አቆመ፤ ይህ ከመንቀጫቀጡ ይበልጥ ያስፈራል።

«እትዬ ሚዛን፣ እሱን አይጠይቁኝ። ያ ሰው ባይጠራኝ እኔም አብሬው ነበርኩ። ነፍሴን ነው ያተረፈው። የስደተኛን ቃል ፖሊስ ያጣምመዋል፣ ዝም በይ፣ ዝም አይነቅዝም ብሎኛል። እስር ቤት ብገባም ስሙን ለፖሊስ አልሰጥም።»

ሚዛን አልገፋቻትም። የዚያን ጧት ነገር እንድታወራላት ብቻ ለመነቻት፤ ልጅቷም ስለ ሟቹ ማውራት ቀሏት። ቃለአብ ሚስቱ ወልዳለት ፈቃድ ላይ ሰንብቶ ገና ያን ቀን ሥራ መግባቱ ነበር። ሠራተኞቹ ሁሉ ደረጃውን እየወረዱ ስመውታል፤ የተኳረፈው ዘርይሁን ሳይቀር። መልአኩ ብቻ ፋኑ ከተዘጋ በኋላ ዘግይቶ መጣና ከላይ ሆኖ እንኳን ደስ ያለህ አለው፤ ጫማዬ ጭቃ ነው፣ አላቆሽሽባችሁ ብሎ። ቃለአብ ከሥር ሆኖ ሳቀለት፤ ብርነሽ ያን ሳቅ ስታስታውስ ነው የመጀመሪያዋን እንባ ያወጣችው።

ማምሻውን ሚዛን የሟቹን ሚስት ኤልሳቤትን ለማየት ሄደች። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል፤ አራሷ ሕፃኗን ታቅፋ ከጓዳ ተቀምጣለች። ፍርሃት ከሐዘኗ ቀድሞ ፊቷ ላይ ይታያል፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ልጇን ታጠብቃለች።

«የተናገረሽ ነገር ነበር?» አለች ሚዛን።

«ውጤቱን ያውቀው ነበር፤ ትናንት ማታ ነገረኝ። የመጨረሻው ፈተና ነው የቀረው። ዘንፋላ እጅግ ተቀጣጣይ ነው፤ ያኔ የተፈተነው በቀዝቃዛ ጣሳ ነው፣ ለዚህ ነው ያላያያዘው አለኝ። ሰው ሊታሰርበት ይችላል አለኝ። ከዚያ ስልኩን አነሣ። ‹ታላቄን ከሰው አፍ ከሚሰማው እኔው ቀድሜ ልንገረው፣ ነውር ነው› አለኝ። በረንዳ ወጥቶ ነው ያወራው።»

«ታላቄ ያለው ማንን ነው?»

«ስሙን አልጠራም። እዚያ ግቢ ከብርነሽ በቀር የማይበልጠው ማን አለ?»

ሚዛን ወደ ቤቷ ስትመለስ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱን ከፍታ ተቀመጠች። ይሉኝታ ብዙ ነገር ሲያበላሽ አይታለች፤ ሰው ሲገድል ያየችው ግን ያን ቀን ነው። ታላቁን ላለማሳፈር ብሎ ወጣቱ በዚያች ስልክ የገዛ ሞቱን ራሱ ጠራ።

ከቀብሩ ማግስት ኢንስፔክተር ሙሪዩኪ ብርነሽን ሊወስድ መኪና ይዞ መጣ። ሚዛን ከመውሰድህ በፊት ሁላችንም ወደዚያች ክፍል እንውረድ አለችው። አልወደደም፤ ግን ሴት ወርዳ እሱ ሲቀር ያሳፍራልና ወረደ። ገብረመድህን በዱላው እየተደገፈ፣ ዘርይሁን እየተነጫነጨ፣ መልአኩ በነጭ ፋሻ የታሰረ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ገቡ። ብርነሽ በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆመች። የጥላሸቱ ሽታ ገና አልለቀቀም። ሚዛን በሩን ዘጋችና ከበርሜሉ አጠገብ ቆመች፤ ለኢንስፔክተሩ በስዋሂሊ፣ ለሌሎቹ በአማርኛ እያፈራረቀች ጀመረች።

«አንድም ጣሳ አልፈነዳም። ያን ቀን እዚህ ክፍል ውስጥ ስፕሬይ ገና አልተነፋም፤ የሚነፋው ጣሳ ብርነሽ እጅ ላይ ነበር። ታዲያ የነደደው ምንድን ነው? ግድግዳውን እዩት። እሳቱ ከታች ነው፤ ካላንደሩን አልነካም። ጣሳ ውስጥ የሚሞላው ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ እንደ ውሃ ወለል ላይ ይተኛል። ይህች ክፍል ደግሞ ጎድጓዳ ናት። ቃለአብ ተንበርክኮ ክብሪት ሲጭር ፊቱ ጋዙ ውስጥ ነበር።»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው» አለ ዘርይሁን። «ሸቶኝ ነበር ብያለሁ።»

«አልሸተተህም። የምድጃ ጋዝ የሚሸተው ሰው እንዲጠነቀቅ ሽታ ስለሚጨመርበት ነው። ፀጉር ላይ የሚነፋ ግን የበሰበሰ ዕንቁላል እንዳይሸት ሽታ የሌለው ጋዝ ይሞላበታል። እዚህ ግቢ ያለው ጋዝ በሙሉ እንደዚያ ነው፤ አጎትህን ጠይቃቸው። አንተ ሻጭ ነህ፣ አታውቅም። ጥፋቱ አጎትህ ላይ እንዳይወድቅ ብርነሽ ላይ ጣልከው።»

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ዘርይሁን ጆሮው ቀላ፤ ገብረመድህን የእህቱን ልጅ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ኢንስፔክተሩም የጻፈውን አስታውሶ መሰለኝ ኮፍያውን አስተካከለ።

ሚዛን ቀጠለች። ከትናንት የተረፈ ጋዝ ቢኖር ፋኑ ያወጣው ነበር፤ ፋኑ መከፈቱን ደግሞ የጎረቤቱ ጋራዥ ሠራተኞች በጆሯቸው ሰምተዋል፣ ጫጫታው ሁልጊዜ ያስመርራቸዋልና። እንግዲያው ጋዙ የገባው ፋኑ ከተዘጋ በኋላ፣ ሻማው ከመለኮሱ በፊት፣ አየሩ እንዲረጋ በሚጠበቅበት በዚያች አጭር ጊዜ ነው። ያችን ጊዜ የሚያውቅ ፈተናውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ገብረመድህን ይህን ሥራ በወሬ እንጂ በዓይኑ አያውቀውም።

«ወሬ ከሚበዛ ቃለአብ ያደረገውን እኔም ላድርገው» አለች በመጨረሻ። በርሜሉ አፍ ላይ ተንበረከከች። አዲስ ሻማ አቆመች። ከኪሷ የክብሪት ሳጥን አወጣች።

ኢንስፔክተሩ ሚዛንን እንደ እብድ አያት። ገብረመድህን አማተበ። ዘርይሁን ዓይኑን የክብሪቱ ሳጥን ላይ ተክሎ ቀረ። ሁሉም ፈርተዋል፤ የፈሩት ግን ሴትዮዋን ነው። መልአኩ ብቻ ሴትዮዋን አላየም። ዓይኑ ከበርሜሉ ጀርባ ወዳለው ቀዳዳ ሄደ። ከቀዳዳው ውስጥ የጥቁር ጎማ ቱቦ ጫፍ ብቅ ብሏል።

ሚዛን ሳጥኑን መክፈት ጀመረች።

«አትለኩሺው!»

መልአኩ ደረጃው ላይ ነበር። በሩን በሁለት እጁ፣ በፋሻ በታሰረውም ጭምር፣ ይገፋል፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር መሆኑን ፍርሃቱ አስረስቶታል። አንዱ ፖሊስ ትከሻውን ያዘው።

ሚዛን ሳጥኑን ገልብጣ አሳየች። ባዶ ነው። ከጎማው ወዲያ ያለው ሲሊንደርም ባዶ ነው፤ ጧት ራሷ ናት ያስቀመጠችው። «እኔ ክብሪት እፈራለሁ» አለች ላቧን እየጠረገች። «ሁላችሁም የምትፈሩት ከፈነዳ በኋላ ነው። እኔ የፈለግሁት ሳይፈነዳ የሚፈራውን ነበር። ያች ጎማ ምን እንደምትሠራ እዚህ ውስጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። አንተ ያን ቀንም ሳይፈነዳ ፈርተሃል፣ መልአኩ።»

እርስዎ ስትለው የቆየችውን ሰው አንተ ስትለው ሁሉም ልብ አለ።

«ባትሪው ሙሉ የሆነ ስልክህን ለኸባብ ሰጠህ፤ ጋዝ ባለበት ስልክ ጠርቶ ብልጭታ እንዳይፈጥርብህ። ጎማውን በቀዳዳው አስገብተህ ሲሊንደሩን ከፈትክ፤ ሲበቃህ ዘግተህ ጎማውን ጎተትክ። ያኔ ከጫፉ የቀረው ፈሳሽ እጅህ ላይ ፈሰሰ። ፈሳሹ ከበረዶ የባሰ ቀዝቃዛ ነው፤ ቆዳ ያቃጥላል። እሳት ግን ከቆዳ በፊት ፀጉር ይለበልባል። ያንተ ፀጉር አንዱም አልተነካም። ከዚያ ቃለአብ ልጅ ወልዶ መጥቶ እንኳን ደስ ያለህ ልትለው ሄድክ፤ ጉንጭ ሳትስም የማታልፈው ሰውዬ ከላይ ቀረህ። ጫማዬ ጭቃ ነው አልክ። ናይሮቢ ላይ ዝናብ ከጣለ ስንት ጊዜው ነው? መውረድ ፈርተህ ነው። ከታች ያለውን ታውቀዋለህ።»

መልአኩ የደረጃው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሳይጮህ፣ ሳይክድ ተናገረ። ዘንፋላን ሲፈትን ጣሳውን ማሞቅ ሰልችቶት ከቀዝቃዛ ክፍል አውጥቶ እንደ ነፋው፤ ሳይያያዝ ሲቀር ደስ ብሎት እንደ ፈረመ፤ ሰዲቃ ከተቃጠለች ወዲህ እንቅልፍ እንዳጣ ተናገረ። ቃለአብ ሲደውልለት አክብሮት በተሞላበት ድምፅ ነበር፤ ጋሽዬ፣ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው አለው። መልአኩ ግን ደነገጠ። እስር ቤቱን አየው፤ ልጆቹ ስሙን ሲደብቁ አየ። ከዚያ ወዲያ ያሰበው ሁሉ በፍርሃት ነበር፤ ገብረመድህን ሊሰማው አልፈለገምና ፊቱን ወደ ጥላሸቱ ግድግዳ አዞረ።

ብርነሽ ከፖሊሶቹ መሃል ወጣች። ማንም አልከለከላትም። ደረጃው ሥር ቆማ ቀና ብላ አየችው።

«የጠራኝ እሱ ነው» አለች ለሚዛን፤ ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ጋሽ መልአኩ፣ ፎጣውን አውርጄ ልገባ ስል ነው ስሜን የጠራኸው። እስከ በሩ ድረስ እያጫወትክ ወሰድከኝ። በየሌሊቱ ስጸልይልህ ነበር። እሺ፣ ቃልዬን ፈርተኸው ነው። እኔን ግን ለምን አተረፍከኝ? ራርተህልኝ ነው?»

መልአኩ የፋሻውን ጫፍ መፍታት ጀመረ። ገብረመድህን በዱላው ወለሉን መታ፤ እንዲመልስላት ማዘዙ ነበር።

«ሁለታችሁም ብትሞቱ ምርመራው አያልቅም ነበር» አለ መልአኩ። «ፋኑን ሳይከፍት ቀረ የሚባል ሰው በሕይወት መኖር ነበረበት።»

ብርነሽ ፊቷን ከእሱ አዞረች። ሚዛን ክንዷን ይዛ ወደ ፀሐዩ አወጣቻት። ኢንስፔክተሩ የስደተኛ ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ፣ በእጅጌው ጠርጎ፣ በሁለት እጁ መለሰላት፤ ፖሌ ሳና አላት፣ ይቅርታ መሆኑ ነው። ካርዱን ተቀበለች፣ አመሰገነችው። ያንኑ ሳምንት ዘርይሁን በገዛ መኪናው ኢስትሊን ሳሎን በሳሎን እየዞረ ዘንፋላን ለቀመ። ሰዲቃ ከሆስፒታል ወጣች፤ ኤልሳቤት ልጇን ይዛ ወደ እህቷ ቤት ገባች።

ብርነሽ አሁን ሌላ ቦታ ትሠራለች፤ የሚከሳትም የሚያሳድዳትም የለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ። እሷ ግን ፖሊስ አትፈራም፣ እሳትም ያን ያህል አትፈራም። መንገድ ላይ አንድ ሰው ከኋላ በፍቅር ስሟን ሲጠራት ነው ቀጥ ብላ የምትቆመው፤ ዞራ ፊቱን እስክታይ ድረስም ትንፋሿን ትይዛለች።